የማይለወጥ ቁጥር ይዤ ወደ ሽንዲ

ረቡዕ፣ ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር

ሁለት ቀን ሙሉ «መንገድ አለ ወይ?» እያልኩ ያልጠየቅሁት ሹፌር የለም። ዛሬ አለ ተባለ። መናኸሪያ ስደርስ ጨለማው ገና አልለቀቀም፤ ሚኒባሱ ግን ለሕጉ ሞልቶ ነበር። ለሹፌሩ ገና ሦስት ሰው ይቀረዋል። የኋላው ወንበር ላይ ከአንድ የሽንኩርት ጆንያ ጋር ጉልበቴን ተካፍዬ ተቀመጥኩ፤ ደረቴ ላይ አንድ ቡናማ ፖስታ ታቅፌያለሁ። ጆንያው በየጉብታው ይገፋኛል፣ እኔ ፖስታው እንዳይታጠፍ እታገላለሁ።

ሥራዬ ሲነገር አያምርም፤ ለወረቀት ቁጥር እሰጣለሁ። በርበሬ የሚያመርቱ፣ የሚገዙና ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር አለን። በርበሬ እንዴት እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ጆንያ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ተከራክረው ይስማሙና ይጽፋሉ፤ የጻፉት የደረጃ ሰነድ ይባላል። እኔ ለያንዳንዱ ሰነድ ቋሚ መለያ ቁጥር ሰጥቼ ኮምፒውተር ላይ አኖረዋለሁ። ቁጥሩ ከኪውአር ኮዱ ጋር በየመጋዘኑ ግድግዳ ይለጠፋል፤ ስልክ ሲያነበው ሰነዱ ይከፈታል። ቋሚ ማለት ቋሚ ነው። አንድ ቁጥር ከአንድ ጽሑፍ ጋር ይኖራል፤ ጽሑፉ ከተሻሻለ አዲሱ የራሱን ቁጥር ይወስዳል፣ አሮጌውም በነበረበት ይቆያል። ይኼን ለሌላው የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ያፈረስኩትም እኔው ነኝ።

መራዊ፣ 1 ሰዓት ተኩል

የነቢያት ጾም ነው። እኔ የጨጓራ ሰው ስለሆንኩ ንስሐ አባቴ ጠዋት እንድቀምስ ፈቅደውልኛል። እሳቸው ያሰቡት ቁራሽ ቂጣ ነው፤ እኔ ያዘዝኩት የጾም ፍርፍር ነው። ከደጅ ጋሪና ባጃጅ ለአንድ የበቆሎ ጆንያ ይሻማሉ፣ እህል ነጋዴው መሐል ቆሞ ሁለቱንም ይሳደባል። ሹፌራችን ሻዩን ይዞ ከፊቴ ተቀመጠና ፖስታውን በአገጩ አሳየኝ።

«ፍርድ ቤት ነው?»

«ይቅርታ ነው።»

ይቅርታ በፖስታ ይላካል እንዴ ብሎ ሳቀ። ስንት ጊዜ ሆነው አለኝ። ሦስት ዓመት አልኩት። ሳቁን ተወና ሻዩን ማማሰል ጀመረ፤ ስኳሩ ግን ድሮ ሟሙቶ ነበር።

ለሹፌሩ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት በርበሬ ስለ መጫን የመጀመሪያው ሰነድ ወጣ። የደረቀ ዛላ ጆንያ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ይሰባበራል፣ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ የዚህ አገር ገበሬ ዱሮም ከመጫኑ በፊት ቅጠል ውሃ ውስጥ ነክሮ ረጨት ያደርግበታል። ሰነዱም ይኼን ፈቀደ፤ ረጨት አድርጎ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ መልሶ ማስጣት ይቻላል አለ። እኔ ቁጥር ሰጠሁት። ቡሬ ላይ የየመጋዘኑን ተረካቢዎች ሰብስቤም አሠለጠንኩ። የታተመውን አንድ ሌሊት ቤታችሁ ወስዳችሁ አንብቡ አልኳቸው፤ በማግስቱ ሰበሰብኩት። «ወረቀት ይጠፋል፣ ቁጥር አይጠፋም» አልኩ። «ዛሬ ያነበባችሁትን የዛሬ ሃያ ዓመትም እዚሁ ቁጥር ላይ ታገኙታላችሁ።» አጨበጨቡልኝ። ያን ጭብጨባ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

በጥቂት ወር ውስጥ በርበሬው እየሻገተ ገዢዎች አማረሩ። የማኅበሩ ጥቂት ባለሙያዎች ተሰብስበው ሰነዱን አሻሻሉ፤ ውሃ ፈጽሞ አይነካው ተባለ፤ ይኼን ለየመጋዘኑ ማሳወቅ የኔ ፋንታ ነበር። ለአዲሱ አዲስ ቁጥር መስጠት ነበረብኝ። አዲስ ቁጥር ማለት ግን አዲስ ወረቀት ማተም፣ መጋዘን ለመጋዘን መዞር፣ ግድግዳ ለግድግዳ መለጠፍ ነው። መንገዱም አስቸጋሪ ነበር፤ እኔም ሰነፍኩ። አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን በዚያው ቁጥር ላይ ተካሁት። ሽፋኑን እንኳ አልነካሁትም፤ የመጀመሪያው ቀን እንደተጻፈበት ቀረ። ማን ልብ ይለዋል ብዬ ነው።

ቡሬ፣ 6 ሰዓት

ኮሶበር ላይ ብርዱ ጣቴን አደነዘዘው፤ ቡሬ ስንገባ ደግሞ ሁላችንም አነጠስን። ወቅቱ ነው። በየግቢው፣ በየቆርቆሮው ላይ፣ በየመንገዱ ዳር ሸራ ላይ በርበሬ ተሰጥቷል፤ ከተማው ቀልቷል። አንዲት ሴትዮ በእግሯ ጣት ዛላውን እያገላበጠች ስልክ ታወራለች። ሚኒባሱ ውስጥ ሕፃን አነጠሰ፣ «ይማርሽ» ሲባል ሌላው ቀጠለ፣ እስከ መውጫው ድረስ «ይማርህ፣ ይማርሽ» እያልን ሄድን።

ፍኖተ ሰላም፣ 9 ሰዓት

ቅርንጫፍ ቢሯችን ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ነው። ከማኅበሩ የያዝኩት ደብዳቤ ላይ ማኅተም ማስመታት ነበረብኝ፤ ሌላም ነገር ማየት ፈልጌ ነበር፤ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ። ጸሐፊዋ የት እንደምቀመጥ አሳየችኝና ምሳዋን ልትበላ ወጣች።

ጋሽ ይሁኔ የሽንዲው መጋዘን ተረካቢ ነበሩ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ፣ የመንደሩን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነቡ፣ የዕድሩን ወረቀት የሚጽፉ ሰው። በመጀመሪያው ሰነድ መሠረት ረጨት የተደረገበትን በርበሬ ተረከቡ። በርበሬው ገዢው ዘንድ ሻግቶ ተገኘ። ከገዢው በኩል አጣሪዎች መጥተው ጋሽ ይሁኔን ማን ፈቀደልዎት አሏቸው። ሰነዱ አሉ። አጣሪዎቹ ግድግዳው ላይ ያለውን በስልክ ከፈቱት፤ «ውሃ ፈጽሞ አይነካው» ይላል፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ቀንም ከሥልጠናው በፊት ነው። ከዚያ ለእኔ ደወሉ። ቁጥሩ ተለውጧል ወይ ሲሉ ጠየቁኝ።

«ቁጥሩ አልተለወጠም» አልኩ።

እውነት ነበር። ከዚያ በላይ ዋሽቼም አላውቅም።

መዝገቡን ገልጬ ገጹን አገኘሁት። በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ተነሥተው የተናገሩት ተጽፏል፤ «መምህሩ ጽሑፉ አይለወጥም ብለውናል። ካልተለወጠ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያልተጻፈውን እንደ ተጻፈ አንብቤ ሰው አሳስቻለሁ፤ ጉባኤው ይቅር ይበለኝ።» ከሥሩ ፊርማቸው አለ፤ ያማረ፣ የድሮ ብዕር የለመደ የእጅ ጽሑፍ። ያን ዕለት ከሥራ ተነሡ። ዓመቱ ሳይዞር ማኅበሩ ለቃለ ጉባኤውም ሁሉ ቁጥር ይሰጠው አለ፤ ለዚህ ገጽ ቁጥር የሰጠሁት እኔው በገዛ እጄ ነኝ። ስሰጥ አላነበብኩትም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አንብቤዋለሁ።

በዚህ ዓመት ነው ወኔ ያገኘሁት። የመጀመሪያውን ሰነድ ከድሮ ፋይል አውጥቼ የራሱን ቁጥር ሰጠሁትና ለማኅበሩ ተናገርኩ። ብዙ ወቀሳ ጠብቄ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ግን አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ «ደብዳቤውን በፖስታ ቤት እንዳትልከው። ራስህ ውሰድ።» ከዚያ ወዲያ ሕግም ወጣ፤ አንዴ ቁጥር የተሰጠው ጽሑፍ አይተካም፣ አይጠፋም፤ ስህተት ካለበት ማረሚያ ተጽፎ ይያያዝበታል።

ሐሙስ፣ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ

ጠዋት ወደ ቡሬ ተመልሼ የሽንዲን መኪና ያዝኩ። ጥርጊያው መንገድ አቧራ ነው። መኪናው ሲሄድ አቧራው ከኋላ፣ ሲቆም ከፊት ይደርሰናል። ግራና ቀኝ የበቆሎ አገዳ ቆሟል፣ መሐል መሐሉን የበርበሬ ማሳ አለ፣ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ለማን ነው የምትሄደው አሉኝ። ስማቸውን ስነግራቸው «እሱማ ማንበብ ትቷል» አሉ፤ አንድ ሰው መጠጥ ተወ እንደሚባለው። ሌላ አልጠየቅኋቸውም።

ሽንዲ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ያ ወረቀት አሁንም አለ። ፀሐይ በልቶት ነጣ ብሏል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። የአሁኗ ተረካቢ ሥራዋን የምታውቅ ቆፍጣና ወጣት ናት። የመጣሁበትን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። ጋሽ ይሁኔ ገበያ ሲመጡ በመጋዘኑ በር እንደማያልፉ፣ በወንዙ በኩል ዞረው እንደሚሄዱ ነገረችኝ። «እኔ ወንበራቸውን የቀማሁ ይመስለኝ ነበር» አለች። ወረቀቱን ልገነጥለው እጄን ስዘረጋ ከለከለችኝ። ማረሚያው ሲመጣ ከሱ ሥር እለጥፈዋለሁ አለች።

6 ሰዓት ተኩል፣ ጋሽ ይሁኔ ቤት

ከከተማው ግማሽ ሰዓት በእግር ነው። ግቢው ውስጥ ባለቤታቸው እትዬ የውብዳር ሸራ ላይ ተቀምጠው የበርበሬ ግንጥል፣ ያችን ጭራውን፣ ይቀነጥሳሉ፤ ጋሽ ይሁኔ የሞፈር እንጨት ይጠርባሉ። ሲያዩኝ መጥረቢያውን አስቀምጠው ተነሡ።

«መምህር! እንዴት ሰነበቱ?»

መምህር አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዱካ አምጥተው አስቀመጡኝ፣ ውሃ ቀረበልኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ሌላ የሚመለስ ነገር ስላጣሁ ነገሩን በአጭሩ ተናገርኩ። ጽሑፉን የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ በትክክል ነው ያነበቡት፤ ሲደወልልኝም አውቄ ዝም ብያለሁ አልኳቸው።

ፖስታውን ከፍቼ የመጀመሪያውን ሰነድ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም፤ እርስዎ ያንብቡት አሉኝ። ከሥራ ከተነሡ በኋላ ጥፋቱ የዓይናቸው እንደሆነ ብለው ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። ሐኪሙ ዓይንዎ ጤነኛ ነው አላቸው። «እንግዲያ የተበላሸው ጭንቅላቴ ነው ብዬ ደመደምኩ» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ደብዳቤ ሲመጣላቸው ሌላ ሰው ፈልጉ ብለው ይመልሳሉ።

ማንበብ ጀመርኩ። «ዛላው እንዳይሰባበር ከመጫኑ በፊት...»

«...በቅጠል ውሃ ረጨት አድርጎ፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ መልሶ ማስጣት ይቻላል።» የጨረሱት እትዬ የውብዳር ናቸው። ቀና እንኳ አላሉም፤ ግንጥሉን እየቀነጠሱ ነው።

እትዬ የውብዳር ማንበብ አይችሉም። ጋሽ ይሁኔ ያን ወረቀት ቤት ያመጡ ቀን ሁለት ጊዜ አንብበውላቸዋል፤ ያ በቃቸው። እትዬ የውብዳር አጣሪዎቹ የመጡ ዕለትም ለባላቸው ነግረዋቸው ነበር። ልክ ነህ፣ እንዲህ ይላል፣ እኔ ሰምቻለሁ ብለዋቸው ነበር። ጋሽ ይሁኔ ዝም በይ አሏቸው። ጽሑፍ የማታውቂ በጽሑፍ አትግቢ አሏቸው። ከዚያ ወዲያ እትዬ የውብዳር ነገሩን አላነሡትም፤ ሦስት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ራሱን እየጠረጠረ፣ አንዷ እያወቀች ዝም ብለው ኖሩ።

ጋሽ ይሁኔ ዞረው አዩአቸው። «አንቺ...» ብለው ቀሩ።

«ያኔም ነግሬህ ነበር፤ አይዶል እንዴ?» አሉ እትዬ የውብዳር። በቁጣ አልነበረም። ሌላ ዛላ አነሡ።

ማኅበሩ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ የፈቀደበትን ደብዳቤ አሳየኋቸው። ወንበሩን አልፈልገውም፣ ያችን ልጅ አታንሷት አሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያችን ቃለ ጉባኤ ያጥፉልኝ። ያላጠፋሁትን በድያለሁ ብዬ ፈርሜባታለሁ። ልጆቼ ያነቧታል።»

እንደምችል ያውቃሉ። መክፈቻው በኔ እጅ ነው፤ ቢሮ ገብቼ አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። እሺ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የተጻፈን ነገር ማንም ሳያይ ማንሳት፣ ያ እኮ ነው እዚህ ያደረሰን። እንደማይቻል ነገርኳቸው፤ ሕጉን ነገርኳቸው፤ ማረሚያ ተጽፎ ከገጹ አናት ይያያዛል አልኳቸው። ስናገር የገዛ ድምፄ አስጠላኝ።

«ሕጉ የመጣው የኔ ተራ ሲደርስ ነው?» አሉ ጋሽ ይሁኔ።

አቀረቀርኩ። ሸራው ላይ ያለው በርበሬ ዓይኔን አቃጠለው ልበል? በርበሬው አልነበረም።

እትዬ የውብዳር እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እንግዲያ ጻፍ» አሏቸው ለባላቸው። «እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ጻፍ።» ጋሽ ይሁኔ መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ብዕሬ አዩ። ወስደው ጉልበታቸው ላይ ደብተሬን አስደግፈው መጻፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው መስመር ተንቀጠቀጠ፤ ሁለተኛው ላይ ያ መዝገቡ ላይ ያየሁት እጅ ተመለሰ።

«እኔ ይሁኔ ያነበብኩትን በትክክል አንብቤ ነበር። ባለቤቴ የውብዳር ሰምታ መስክራልኝ ነበር፤ አላመንኳትም። በጉባኤ ፊት ይቅርታ የጠየቅሁት ባልሠራሁት ነው። ይቅርታ የምጠይቀው እሷን ነው።» የመጨረሻውን መስመር እትዬ የውብዳር አልነገሯቸውም፤ ጋሽ ይሁኔ ከራሳቸው ነው የጨመሩት። እትዬ አንብብልኝ ሲሏቸው እዚያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ። እኔም ከሥሩ ጽሑፉን የተካሁትና ሲጠይቁኝ የደበቅሁት እኔ ነኝ ብዬ በሙሉ ስሜ ፈረምኩ።

ምሳ ሳልበላ አልለቀቁኝም። እትዬ የውብዳር ይብሉ እንጂ እያሉ ሽሮውን ሁለት ጊዜ ጨመሩብኝ። ስወጣ ጋሽ ይሁኔ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ያሉኝ «መምህር፣ ቶሎ መጥተው ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር» ነው።

ዓርብ፣ 3 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

ሽንዲ ላይ ኔትወርክ እንደ ልብ አልነበረም፤ ለስልክ ጥሪ እንጂ ለኢንተርኔት አይሆንም። ፍኖተ ሰላም ላይ ዛሬ ጠዋት መጣ። ቢሮው ሲከፈት ገብቼ የጋሽ ይሁኔን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አነሣሁት፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ ከቃለ ጉባኤው ገጽ አናት ላይ አያያዝኩት። አሁን ያችን ገጽ የሚከፍት ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእሳቸውን ማረሚያ ነው። ከሥሩ ግን ያ ቃል አለ፤ «ሰው አሳስቻለሁ፤ ጉባኤው ይቅር ይበለኝ።» ይኖራል። እኔ ሞቼም ይኖራል። ሦስት ጊዜ ከፍቼ አየሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳልፈልግ ወደ ታች ወርጄ አነበብኩት። የሚያነብ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

መናኸሪያ ገብቼ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው እስኪሞላ ደወልኩላቸው። ስልኩን ያነሡት እትዬ የውብዳር ናቸው። ጋሽ ይሁኔ የሉም፤ ጎረቤት የሆስፒታል ወረቀት መጥቶላቸው ሊያነቡላቸው ሄደዋል አሉኝ። የማረሚያውን ቁጥር የሚጽፍ ሰው አጠገብዎ አለ ወይ አልኳቸው።

«ይንገሩኝ» አሉ።

ስምንቱን አሃዝ ቀስ ብዬ ጠራሁላቸው። ስምንቱንም ሳይዛነፉ መለሱልኝ። ከዚያ የጋሽ ይሁኔን ጽሑፍ ከ«እኔ ይሁኔ» ጀምረው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ወረዱት፤ እኔ የመናኸሪያ ወንበር ላይ ስልኬ ላይ እየተከተልኩ አነበብኩ፤ አንዲት ፊደል አልጎደለም። ያኔ አጣሪዎቹ ሲደውሉልኝ እኔ ዝም ባልኩ ጊዜ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ሰው እኚህን ሴት ቢጠይቅ ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር።

«መምህር» አሉ ሲጨርሱ። «ይኼስ አይለወጥም?»

«አይለወጥም፣ እትዬ።»

«ያኔም ለይሁኔ እንዲህ ነበር ያሉት።»

ሹፌሩ ሞላ፣ ግቡ እያለ ነው። እትዬ የውብዳር ግን አልዘጉትም።

«እንግዲህ እኔም ይዤዋለሁ» አሉ። «ቢለወጥ እደውላለሁ።»

ይደውሉ አልኳቸው፤ ስልኩን ዘግቼ ገባሁ።